ከነፋሱ ሸንተረር እስከ ቆቃ፦ መለኪያና መቆጣጠሪያ ፍለጋ በአዳማ ዙሪያ

ሐሙስ፦ ወደ አዳማ

የነፋስ፣ የፀሐይና የውሃ ኃይል መለኪያና መቆጣጠሪያዎችን ለማየት ለሚደረገው ለዚህ ጉዞ ከፍጥነት መንገዱ ይልቅ አሮጌው መንገድ ይመረጣል። የፍጥነት መንገዱ ቶሎ ያደርሳል፤ አሮጌው ግን ከሞጆ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ነፋስ ተርባይኖቹ ያስጠጋል። መኪናውን ጥግ አስይዞ ለሩብ ሰዓት ያህል ቢመለከቷቸው የነገውን ሥራ ግማሹን ያቀላል። የትኛው ይዞራል፣ የትኛው ቆሟል፣ ሁሉስ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል ወይ?

ወሩ ታኅሣሥ ወይም ጥር ቢሆን ይመረጣል። በበጋ ወንዞች ሲጎድሉ እዚህ ያለው ነፋስ ይበረታል። አብዛኛው ኃይላችን ከውሃ ስለሚመጣ ሁለቱ በየተራ መምጣታቸው ትልቅ ሲሳይ ነው። የነፋስ ጣቢያውና የቆቃ ግድብ በአንድ ጉዞ የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ሁለቱም ግቢ ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ደብዳቤው አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

ሻንጣ ውስጥ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፦ እስከ 1,000 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚለካ ቴስተር፣ የዲሲ አምፔር የሚያነብ ክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ የሚለካ)፣ የእጅ ኮምፓስ፣ ሜትር፣ ሁለት መነፅር፣ ጨርቅ። ኮምፓሱን የሚንቁ አሉ፤ ነገ ያስፈልጋል።

ዓርብ፦ ሸንተረሩ ላይ

የአዳማ አንድ ነፋስ ጣቢያ 34 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በጠቅላላው 51 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን አቅሙ 153 ሜጋ ዋት ነው። የመጀመሪያዎቹ የጎልድዊንድ ኩባንያ፣ የኋለኞቹ የሳኒ ኩባንያ ሥሪት ናቸው። ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል። የጎልድዊንዱ ማርሽ ሳጥን የለውም፤ ቋሚ ማግኔት ያለው ሰፊ ጀነሬተር ከቢላዎቹ ጋር እኩል በደቂቃ ከ9 እስከ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ማርሽ ያለው ዓይነት የዘንጉን ፍጥነት ወደ መቶ እጥፍ ያህል አሳድጎ ነው ለጀነሬተሩ የሚያቀብለው።

ልዩነቱ የሚለካውን ነገር ይወስናል። ማርሽ ባለው ተርባይን ላይ የዘይት ሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ በፈጣኑ ዘንግ መያዣ ላይ ደግሞ የንዝረት መለኪያ ዋና ናቸው፤ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከሙቀቱ በፊት ንዝረቱ ይናገራል። ሙቀት ከጨመረ በኋላ የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው። ማርሽ በሌለው ላይ ዓይን የሚጣለው በጀነሬተሩ ጥቅል ሙቀትና በኃይል መቀየሪያው ላይ ነው፤ ያመነጨው ኃይል ሁሉ በመቀየሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ የማቀዝቀዣው ነገር ቀልድ አያውቅም።

እዚህ ላይ ከፍታው ጣልቃ ይገባል። ሸንተረሩ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ 0.96 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የፋብሪካው ሰንጠረዥ የተሠራው ግን በ1.225 ነው። ቢላዎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት 77 ሜትር ስፋት ያለው ክብ 4,657 ሜትር ካሬ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ነፋስ ከኃይሉ 42 በመቶውን ይይዛል ብንል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 1.2 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ተርባይን እዚህ 0.94 ይሰጣል። ይህን ያላወቀ ሰው የጣቢያውን ቁጥር አይቶ «ተርባይኑ ታሟል» ይላል። ስሱ አየር ሌላም ዕዳ አለው፦ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታንም በቀላሉ ያሻግራል። ስለዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚተከል ብሬከርና ኢንቨርተር አቅሙ ተቀንሶ ነው የሚሰላው። ሱቅ ውስጥ የሚገዛው ትንሹ ኢንቨርተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በመመሪያው የኋላ ገጽ የተጻፈውን ግን የሚያነብ የለም።

ነፋሱ የሚለካው ከቢላው በስተጀርባ፣ በተርባይኑ ራስ ጣሪያ ላይ ነው። ቢላው ነፋሱን ካመሰው በኋላ የሚገኘው ንባብ ከእውነተኛው ስለሚለይ በማረሚያ ቀመር ይስተካከላል። ማረሚያው ትክክል ካልሆነ ስህተቱ በሦስተኛ ኃይል ያድጋል፤ በፍጥነት ላይ የ3 በመቶ ስህተት በጉልበት ላይ ወደ 9 በመቶ ይሆናል። የአቅጣጫ መለኪያዋ ደግሞ ከራሷ በላይ ጉዳት ታመጣለች። ሲተክሏት 10 ዲግሪ ከተንጋደደች ተርባይኑ ዕድሜውን ሙሉ 10 ዲግሪ ተንጋዶ ይቆማል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ኃይል በየቀኑ ይፈስሳል፣ ቢላዎቹም ያለ እኩል ይጨነቃሉ። ኮምፒውተሩ ምንም አያስጠነቅቅም፤ በእሱ ቤት አቅጣጫው ልክ ነው። የኮምፓሱ ጥቅም ይኸው ነው። ከመንገድ ዳር ሆኖ ጎረቤታሞች ወዴት እንዳዩ ለክቶ ማወዳደር ይቻላል፤ አንዱ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ተለይቶ ካየ የሚጠረጠረው ነፋሱ ሳይሆን መለኪያዋ ነው። ብረቱ ኮምፓሱን ስለሚያስት ከማማው ራቅ ብሎ መቆም ያሻል።

ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ፣ ጥሩ ነፋስ እያለ አንድ ተርባይን ቆሞ ራሱን በዝግታ ያዞር ጀመር። ጎብኚ ይህን ሲያይ ብልሽት ነው ብሎ ያስባል። ራሱ ነፋስ እየተከተለ ሲዞር በማማው ውስጥ የወረደው ገመድ አብሮ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙን የሚቆጥር መሣሪያ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ «በቃ» ይልና ተርባይኑ ቆሞ ገመዱን ይፈታል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት አስቀድሞ እንዲፈታ የተዘጋጀ ፕሮግራም ካለ ይህ ኪሳራ ይቀራል።

ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ሲሆን ሥራ ይጀመራል፤ ከተወሰነው በላይ ሲያልፍ ቢላዎቹ ወደ 90 ዲግሪ ዞረው ነፋሱን ይለቃሉ። መስመሩ ላይ መብራት ቢጠፋስ? እያንዳንዱ ቢላ የራሱ መጠባበቂያ ጉልበት አለው፤ በጎልድዊንዱ ሱፐር ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ነው። ባትሪ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚደክም ካፓሲተሩ ይበልጣል፤ ቢሆንም ቮልቴጁ በየጊዜው ካልተፈተነ እሱም አይታመንም። ሦስቱ ቢላዎች ለየብቻ መዞራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ እንኳ ቢከዳ ሁለቱ ተርባይኑን ማቆም እንዲችሉ ነው።

የበጋው አቧራ የማቀዝቀዣ ማጣሪያውን ይዘጋል። ቀድሞ የሚታየው ምልክት ቀላል ነው፦ በአንድ ዓይነት ነፋስና በአንድ ዓይነት የውጭ ሙቀት፣ የመቀየሪያው ሙቀት ካለፈው ወር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ከፍ ይላል። ማንቂያው እስኪጮህ የሚጠብቅ ጣቢያ ማጣሪያ የሚለውጠው ተርባይኑ ከቆመ በኋላ ነው። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ውድ ትንተና ከመግዛት በፊት የየአሥር ደቂቃውን አማካይ ንባብ ጎረቤት ከጎረቤት ማወዳደር ይቅደም።

ቅዳሜ፦ ወንጂ ማዶ፣ አዋሽ ዳር

በባጃጅና በሚኒባስ ወደ ወንጂ አቅጣጫ ሲወርዱ ሸንኮራው ይቀበላል። ከሸንኮራው ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ዘንድ የናፍጣ ሞተር በፀሐይ ፓምፕ እየተተካ ነው። ስለ ፓኔል ሁሉም ያወራል፤ ፓምፑን የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

አንድ 5.5 ኪሎ ዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ፓምፕ እንውሰድ። የፀሐይ ድራይቩ (የፓኔሉን ዲሲ ለሞተሩ ቀይሮ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሳጥን) ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት ለማዞር ወደ 540 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል፤ ከ800 በላይ ከገባበት ይቃጠላል። ፓኔሉ 550 ዋት፣ ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ሳይጫንበት) 49.8፣ በሥራ ላይ 41.9 ነው እንበል። 14 ቢደረደሩ ወረቀት ላይ 587 ቮልት ይሰጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን የፓኔሉ ውስጥ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 516 ይወርዳል። ፓምፑ የሚደክመው ልክ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። 15 ሲሆኑ በሙቀት 553 ይቀራል፤ በማለዳ ብርድ፣ 8 ዲግሪ ላይ፣ ክፍቱ ቮልቴጅ ወደ 781 ይወጣል። ያልፋል፤ ለጥቂት። 16ኛውን «ይጨመር» የሚል ሰው ድራይቩን በጥር ጠዋት ያጣዋል።

የወንዙ ዳር መምጠጫ ሌላ ወጥመድ ነው። በ1,540 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ውሃን በንድፈ ሐሳብ 8.6 ሜትር ብቻ ነው የሚገፋው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 10.3 ነበር። የእንፋሎቱ፣ የቱቦው ሰበቃና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ሲቀነስ 4.5 ሜትር ገደማ ይቀራል። በመስከረም የተተከለ ፓምፕ በየካቲት አዋሽ ሲጎድል ጠጠር የሚፈጭ ይመስል መጮህ ይጀምራል፤ ውስጡ አረፋ እየፈነዳ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ጎማ) እየበላው ነው። መድኃኒቱ ፓምፑን ዝቅ ማድረግ ወይም ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቫልቭ በመቀየር አይድንም።

ፓምፑ ያለ ውሃ እንዳይዞር መጠበቅ የመቆጣጠሪያው ዋና ሥራ ነው። በመብራት በሚሠራ ፓምፕ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ውሃ ሲያልቅ አምፔሩ ይወርዳል፤ ከ60 በመቶ በታች ሲሆን ይቁም። በፀሐይ ይህ ዘዴ ያስታል። ደመና ሲያልፍም አምፔሩ ይወርዳልና ፓምፑ በየደመናው ይቆማል፤ ባለቤቱ ተሰላችቶ ጥበቃውን ያጠፋዋል፤ በሳምንቱ ማኅተሙ ተቃጥሎ ይገኛል። ትክክለኛው አምፔሩን ከፍሪኩዌንሲው (ድራይቩ ለሞተሩ ከሚልከው፣ ፍጥነቱን ከሚወስነውና በኸርዝ ከሚለካው የኤሌክትሪክ ምልልስ) ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። በ50 ኸርዝ 10 አምፔር የሚስብ በ40 ኸርዝ ስንት እንደሚስብ ቫልቩን ከፍቶ አንድ ጊዜ ይለካል፣ ይመዘገባል፤ መቆሚያው ከዚያ በታች ይደረጋል።

ሌላም ነገር ከፍሪኩዌንሲ ጋር ይያያዛል። የፓምፕ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ይወርዳል። በ50 ኸርዝ ቫልቭ ተዘግቶ 40 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ ውሃውን 24 ሜትር ማውጣት ካለበት፣ ከ38.7 ኸርዝ በታች ይዞራል እንጂ ጠብታ አያወጣም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ «ሞተሩ እኮ ይሠራል!» የሚባለው ይህ ነው፤ ውሃው በራሱ ውስጥ እየተንገላታ ይሞቃል። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ 39 ወይም 40 ላይ ይታሰር፣ ከዚያ በታች ይተኛ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይሞክር። ፍጥነቱ ከዜሮ የሚነሣበት ጊዜ 15 ሰከንድ ያህል ቢሆን ቱቦው ከውሃ ምት (ውሃ በድንገት ሲነሣ ወይም ሲቆም ቱቦውን ከሚመታው ግፊት) ይድናል።

የሮቶው ተንሳፋፊ ማብሪያ የሚገናኘው ሽቦ ሲበጠስ ፓምፑን በሚያቆም መንገድ ነው። በተቃራኒው የተገናኘ ብዙ ታይቷል፤ አይጥ ሽቦውን ስትበላው ሮቶው እየፈሰሰ ያድራል፣ ማሳውም ጭቃ ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት ለመለካት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚልክ መለኪያ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ0 እስከ 20 ሜትር የሚለካ ከሆነ 12 ሚሊ አምፔር ማለት 10 ሜትር ነው፤ 4 ማለት ውሃ የለም፤ 0 ማለት ሽቦው ተበጥሷል። ከ0 ቮልት ጀምሮ የሚልከው ግን «ባዶ» እና «ብጥስ»ን አይለይም።

አዋሽ ደለል ይዞ ስለሚመጣ በሚሽከረከር ጎማ የሚቆጥር የውሃ መለኪያ ብዙ አይቆይም፤ ማግኔታዊው ይበልጣል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። አቅም ከሌለ ሮቶው በስንት ደቂቃ እንደሞላ መመዝገብ ከተበላሸ ቆጣሪ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ፓኔሎቹ ላይ የተኛው አቧራ ለየት ያለ ዘዴ ይፈልጋል። ፀሐይ የሚለካው ትንሽ ሴል ከፓኔሎቹ እኩል አቧራ ይለብሳል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚወርዱ «ሥርዓቱ ደህና ነው» ይላል። ሁለት ሴሎች ጎን ለጎን ይተከሉ፤ አንዱ በየጠዋቱ ይጠረግ፣ ሌላው ከፓኔሎቹ ጋር ብቻ ይታጠብ። የቆሸሸው ከንጹሑ 0.93 ሲያነብ 7 በመቶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ማጠብ ሲያዋጣ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። የስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ ውሃ ጨው ስለሚበዛበት ፓኔል ላይ ከደረቀ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ታጥቦ ወዲያው በጎማ መጥረጊያ ይጠረግ። ኬክሮሱ 8.5 ዲግሪ ነውና ፓኔሉን በ8.5 መትከል ትክክል ይመስላል፤ ከ10 እስከ 15 ቢደረግ ግን የሚጠፋው ኃይል ኢምንት ሆኖ አቧራው በዝናብና በውሃ በቀላሉ ይወርዳል።

እሑድ፦ ቆቃ

ወደ ቆቃ ከሰዓት በፊት መሄድ ይሻላል፤ ምሳ ዓሣ ነው፣ የቆሮሶ ጥብስ። መንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በካርቶንና በቅርጫት ተደርድሯል፤ ትናንት ስለ ፓምፕ የተወራው እዚህ ይሸጣል።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ፤ ሦስት ተርባይኖች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 14.4፣ በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት። ከዚህ የወጣው ውሃ ከታች አዋሽ ሁለትንና አዋሽ ሦስትን ያዞራል፣ ደግሞም ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል። ስለዚህ እዚህ ስንት ውሃ ይለቀቅ የሚለውን የመብራት ፍላጎት ብቻውን አይወስነውም።

የሐይቁ ከፍታ የሚለካበት ቦታ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ደለልና እምቦጭ። ከውሃ ሥር የተቀመጠ የግፊት መለኪያ በደለል ሲቀበር ቀዳዳው ይደፈንና ቁጥሩ ይቆማል፤ ለቀናት ምንም ሳይነቃነቅ የቆየ ንባብ ሲታይ ሐይቁ ረጋ ተብሎ መዝናናት አይገባም። ከላይ ሆኖ በራዳር የሚለካው ደለል አያገኘውም፤ እምቦጭ በሥሩ ከተከማቸ ግን የሚለካው ቅጠሉን ነው። ሰፊ የማይዝግ ቱቦ ከታች ክፍት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይተከልና ራዳሩ በቱቦው ውስጥ ይመለከታል፤ አረሙም ሞገዱም ከውጭ ይቀራሉ። ከአጠገቡም በቀለም ቁጥር የተጻፈበት ተራ የመለኪያ ዘንግ አይጥፋ፤ በሳምንት አንዴ በዓይን ተነቦ ከመሣሪያው ጋር ይተያያል። በውሃ መግቢያው ፍርግርግ ፊትና ኋላ ያለው የከፍታ ልዩነትም እንዲሁ ይለካል፤ ልዩነቱ ካደገ እምቦጩ ደፍኖታል፣ ተርባይኑም ያለ በቂ ውሃ እየተቸገረ ነው።

የዓርቡ ነፋስ እዚህ ይገኛል። በአንድ መረብ ላይ የተሳሰረ ጀነሬተር ሁሉ በ50 ኸርዝ አብሮ ይሄዳል። ነፋስ ሲደክም ኃይል ያንሳል፣ ኸርዙ ዝቅ ይላል፣ የውሃ ተርባይኑ ገቨርነር (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ያንን ሰምቶ በሩን ይከፍታል። ገቨርነሩ ኸርዙ 4 በመቶ ማለትም 2 ኸርዝ ሲወርድ ሙሉ ጉልበቱን እንዲጨምር ከተሞላ፣ 0.2 ኸርዝ ሲወርድ አንድ 14.4 ሜጋ ዋት ማሽን 1.44 ሜጋ ዋት ይጨምራል፤ የአንድ ነፋስ ተርባይን ሙሉ ጉልበት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሒሳቡ የሚሠራው ማሽኑ የሚጨምረው ቦታ ካስቀረ ብቻ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ የቆመ ማሽን ኸርዙ ቢወርድም የሚከፍተው በር የለውም። የውሃው በር እንደ ኢንቨርተር ፈጣንም አይደለም፤ በጥድፊያ ቢዘጋ በቱቦው ያለው የውሃ ምት አደጋ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ጊዜ የሚገዛው የከባዱ ብረት መሽከርከር ነው።

ሰኞ፦ ከተማ፣ ጠረጴዛ ላይ

አውቶቡሱ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋቱ ለአንዲት ትንሽ መመዝገቢያ ይበቃል፤ ለቅዳሜው ዓይነት ፓምፕ የምትተከል። የሚያስፈልጉት፦ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራም የምትቀበል ትንሽ ኮምፒውተር)፣ የአርኤስ485 መቀየሪያ (ከድራይቩ ጋር በሁለት ሽቦ የሚያነጋግር)፣ በስልክ መረብ የሚልክ ሞደም፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ 20 ዋት ፓኔል፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን። ፍጆታው በአማካይ 60 ሚሊ አምፔር ከሆነ በቀን 1.44 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባትሪው እስከ ግማሹ ብቻ ቢወርድ ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን ከግማሽ ያህል ያቆያል። ለክረምቱ ያንሳል፤ 12 አምፔር ሰዓት ይሻላል።

በጣም የተለመደው ብልሽት ቦርዱ በላከ ቁጥር እየጠፋ መነሣቱ ነው። የ2ጂ ሞደም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወድቅና ቦርዱ ራሱን ያጠፋል። ከሞደሙ እግር ሥር 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ፣ ለሞደሙ የተለየ የቮልቴጅ ቀናሽ። ፕሮግራሙ ላይ ሳምንት ከማጥፋት በፊት ይህ ይታይ።

ከድራይቩ ጋር የሚነጋገረው የሁለት ሽቦ መስመር ዝም ካለ መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጦ መሞከር ነው፤ አምራቾች በሽቦዎቹ መግቢያ ላይ ኤ እና ቢ የሚሉትን ፊደሎች በተለያየ ትርጉም ይጽፏቸዋል። ቀጥሎ አድራሻ፣ ቀጥሎ ፍጥነት። ፓምፑ ሲነሣ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው ከሞተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ሄዷል ማለት ነው፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ መጋረጃው (በሽቦው ዙሪያ ያለው የብረት መሸፈኛ) በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት ይያዝ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ይግባ፤ መሃል ላይ አይጨመር።

መረብ በሌለበት ሰዓት ንባቡ በሚሞሪ ካርድ ተቀምጦ ኋላ እንዲላክ መደረግ አለበት። ሲም ካርዱም ሒሳብ ካልተሞላ ይዘጋልና የሚሞላበት ቀን በሳጥኑ ክዳን ላይ ይጻፍ። ሳጥኑ በጥላ በኩል፣ የኬብል ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ሆነው ይታሰራል፤ ሽቦ ያልገባበት ቀዳዳ በመክደኛ ይደፈን፤ ጉንዳንና ተርብ ክፍት ቀዳዳ አያልፉም። ውስጡ የሲሊካ ጄል ከረጢት ይቀመጥ፤ ቀለሟ ሲለወጥ ይቀየር። ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት ተንሳፋፊውን በእጅ አንስቶ ፓምፑ መቆሙን ማየት፣ ከዚያ የመለኪያውን አንድ ሽቦ ነቅሎ በስልክ ላይ «ብጥስ» የሚል መልእክት እስኪመጣ መጠበቅ። ካልመጣ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አይሄድም።